ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የሚጠቅም ዕውቀት፤ ውሻ እግሩን ስለ ምን ይልሳል?



በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ንጽሕና፣ ስለ ምግብና ስለ ጤና ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ብዙ ሰው ከቁም ነገር ስለማይቈጥረው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የቤታችን ጠባቂ ውሻ እግሩን ዘወትር የሚልስበት ምክንያት ነው። ለዚህ ያነሣሣን ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከታች አርማጭሆ ከተማ ከሳንጃ አንዲት እኅት የላኩልን ደብዳቤ ነው።

ጸሐፊዋ እንደሚሉት፣ ባለቤታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ በረሓ ስለ ወረዱ ቤቱንና ፍየሎቹን የሚጠብቀው ውሻው ነው። ይህ ውሻ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ የፊት ቀኝ እግሩን ሌሊትና ቀን ይልሳል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ጠጕር ረግፎ ቆዳው ቀልቷል። ከጎረቤት አንዱ «ለቤቱ ደግ ምልክት አይደለም» አለ፤ ሌላው «ራሱን እያከመ ነውና ተዉት» አለ። አንድ ቀንም ውሻው በደጅ የተቀመጠውን ሕፃን ልጃቸውን የጕልበት ቍስል ሲልስ አይተው ሊያባርሩት ቢነሡ፣ የልጁ አያት «የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው፤ የአልዓዛርንም ቍስል የላሱለት ውሾች ናቸው» ብለው ከለከሏቸው። እኅታችን የሚጠይቁን እንግዲህ ሦስት ነገር ነው፤ ውሻው ስለ ምን ይልሳል? መላሱ በእውነት ያድናልን? የአልዓዛር ታሪክስ ስለዚህ ምን ያስተምረናል?

ሕፃኑን የሚመለከተው ነገር ጊዜ የሚሰጥ ስላልሆነ፣ መጽሔቱ እስኪታተም ሳንጠብቅ ልጁን ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ለጸሐፊዋ አስታውቀናል። ምክንያቱን ወደ ታች እንገልጸዋለን። አሁን ግን ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

እግዚአብሔር ለሰው የሚናገርበት አንደበት ሰጠው፤ እንስሳ ግን ያመመውን ቦታ በቃል ሊናገር አይችልም። ሆኖም ፈጣሪው ያለ ምልክት አልተወውም። በሬ ሲታመም ከመኖው ይርቃል፤ ዶሮ ስትታመም ክንፏን ትጥላለች፤ ውሻም የሚያሳክከውን ወይም የሚቈረቍረውን ቦታ ይልሳል። ስለዚህ የውሻ መላስ እንደ አቤቱታ የሚቈጠር ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ፣ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ አስተምሯል። አቤቱታውን ሰምቶ ምክንያቱን መፈለግ የባለቤቱ ፈንታ ነው እንጂ፣ ከዚህ አልፎ ምልኪ ማድረግ ለክርስቲያን አይገባም።

የውሻን እግር ገልብጠን ስንመለከት በየጣቱ ሥር አንዳንድ ትራስ የሚመስል ወፍራም ቆዳ፣ በመካከሉም አንድ ሰፊ ትራስ እናገኛለን። ይህ ቆዳ ጠንካራ ነው፤ ከሥሩም ስብ ስላለ ድንጋይና ጠጠር ቶሎ አይጐዳውም። ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው አያልበውም፤ ዋናዎቹ የላብ ዕጢዎቹ የሚገኙት በነዚሁ ትራሶች ላይ ነው፤ ሙቀቱንም የሚያበርደው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ግን ስስ፣ ጠጕራም፣ እርጥብና ከዐይን የተሰወረ ነው። እሾህ ቢገባ፣ መዥገር ቢጣበቅ፣ ጭቃ ቢደርቅ ከሩቅ አይታይም። እጅ የሌለው ይህ ፍጥረት የተሰወረውን ነገር የሚደርስበት በምላሱና በጥርሱ ብቻ ነው።

ውሻ እግሩን የላሰ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ከምግብ በኋላ፣ ከመንገድ ሲመለስ ወይም ዝናብ ሲመታው ጥቂት ልሶ ይተኛል፤ ይህ ራሱን ማጽዳቱ ነው። እናቲቱም ቡችሎቿን እየላሰች ታጸዳቸዋለች። የሚያሳስበው መላሱ ልክ ሲያልፍ ነው፤ ይኸውም ከእንቅልፉ እየነቃ ሲልስ፣ ቢከለክሉት ተመልሶ ወደዚያው ቦታ ሲሄድ፣ ጠጕሩ ሲረግፍ፣ ቆዳው ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲሸት ወይም ውሻው ሲያነክስ ነው። ጠጕሩ ነጭ ወይም ዳለቻ በሆነ ውሻ ላይ የተላሰው ስፍራ እንደ ዝገት ይቀላል፤ ይህ ደም ሳይሆን በምራቅ ውስጥ ያለ ፖርፊሪን የሚባል ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ዝገታማ እግር ያለው ውሻ ለብዙ ቀን ሲልስ እንደ ቈየ ያስታውቃል።

ምክንያቱን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፤ የሚልሰው አንዱን እግር ነው ወይስ ሁሉንም? አንዱን ብቻ ከሆነ በዚያ እግር ላይ የገባ ወይም የደረሰ ነገር አለ ብሎ መፈለግ ይገባል። ሁሉንም እግሮች ከሆነ ግን ምክንያቱ በአብዛኛው የቆዳ ነገር፣ የተባይ ወይም የሚረግጠው መሬት ነው። ይህንን ይዘን ምክንያቶቹን በየተራ እንይ።

አንደኛው ምክንያት እሾህና ስለት ነው። እንደ ሳንጃ ባለው ቆላ ግራሩና ቍርቍራው እሾሃም ነው፤ መሬቱም ላይ ኩርንችት አይጠፋም፤ የታጨደ የማሽላና የሰሊጥ አገዳ ጕቶውም እንደ ጦር ሹል ነው። ከፍየል ጋራ ሲሮጥ የሚውል ውሻ ከነዚህ አንዱ በጣቱ መካከል ይሰነቀርበታል። እሾኹ በቶሎ ካልወጣ ቆዳው በላዩ ይገጥምና መግል ይቋጥራል። ውሻው የሚልሰው ያንን ሊያወጣ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ይሳካለታል፤ ብዙ ጊዜ ግን እሾኹ እየጠለቀ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የመሬቱ ጭቃና ሙቀት ነው። በክረምት የቆላው ጥቍር ዋልካ በጣቶቹ መካከል ገብቶ ይጣበቃል፤ ሲደርቅም እንደ ሸክላ ጠንክሮ ጠጕሩን እየጐተተ ቆዳውን ይቈነጥጠዋል። ጭቃው ሳይደርቅ ከዋለ ደግሞ ዘወትር የረጠበው ቆዳ ይለሰልስና ይላጣል። በበጋ ፈተናው ሌላ ነው። በመተማና በአካባቢው ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ በፀሓይ የዋለ አስፋልት፣ ድንጋይና ቆርቆሮ ደግሞ ከአየሩ እጅግ ይበልጥ ይግላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቀትር የሚመላለስ ውሻ ትራሶቹ ይቃጠላሉ፣ ውሃ ይቋጥራሉ፣ ይላጣሉ። ለመመርመር የእጃችሁን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርጋችሁ እስከ 7 ቍጠሩ፤ እናንተ ያልቻላችሁትን ሙቀት ውሻውም አይችለውም።

ሦስተኛው ምክንያት ተባይ ነው። መዥገር በጣቶች መካከል ያለውን ስስ ቆዳ ይወድዳል፤ ቍንጫ ሲነክስ ያሳክካል፤ በዐይን የማትታይ የእከክ ተባይም ቆዳውን ሰርስራ ትገባና ውሻውን ዕረፍት ታሳጣዋለች። ከነዚህ ሌላ በሞቃትና እርጥብ መሬት የሚኖር የመንጠቆ ትል እጭ አለ። የታመመ ውሻ በተጸዳዳበት አፈር ውስጥ ተፈልፍሎ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ በገባበትም ስፍራ ያሳክካል። ይህ ትል የውሻ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በባዶ እግሩ የሚጫወት ሕፃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ መስመር እየተጠማዘዘ የሚሄድ የሚያሳክክ ቍስል ያወጣበታል። ስለዚህ በግቢ የወደቀውን የውሻ ኩስ ጠርጎ መቅበር ለውሻውም ለልጆቹም ጤና ነው።

አራተኛው ምክንያት ሐኪሞች አለርጂ የሚሉት የሰውነት አለመስማማት ነው። እንደ ሰው ሁሉ ውሻም የማይስማማው ነገር አለው፤ የቍንጫ ምራቅ፣ የአበባ ብናኝ፣ የቤት አቧራ ወይም አንድ ዐይነት ምግብ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ሁሉንም እግሮች፣ ጆሮውንና ሆዱን ማሳከኩ ነው። ከዚህም የተነሣ ዘወትር የሚረጥበው የእግር ቆዳ ላይ እርሾ መሰል ፈንገስ ይበቅልና መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ፈንገሱ ደግሞ ራሱ ያሳክካል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን እየወለደ ይቀጥላል።

አምስተኛው ምክንያት የውስጥ ሕመም ነው። ጥፍሩ የተሰነጠቀ ወይም ረዝሞ ወደ ሥጋው የተጠመዘዘ፣ አጥንቱ የተሰበረ፣ በእርጅና መገጣጠሚያው የሚጠዘጥዘው ውሻ ከላይ ቍስል ሳይታይበት ያንኑ ስፍራ ይልሳል።

ስድስተኛው ምክንያት የሚያስገርም ይመስል ይሆናል፤ ሥራ መፍታትና ብቸኝነት ነው። ውሻ ከሰው ጋራ ሊኖር የለመደ ፍጥረት ነው። ከጧት እስከ ማታ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል፣ የማይሮጥ፣ ማንም የማይጠራው ውሻ ጭንቀቱን የሚያረጋጋው በመላስ ነው። በተለይ ከመዳፉ በላይ ያለውን የፊት እግሩን አንጓ እየላሰ ወፍራምና የማይሽር ቍስል ያወጣበታል። እንዲህ ያለው ውሻ ከቅባት ይልቅ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ ገመድ፣ ጥላ፣ ውሃና በቀን ጥቂት ጊዜ መፈታት ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ መላሱ ያድናልን? የጎረቤቱ አነጋገር ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በእንባና በምራቅ ውስጥ አንዳንድ ረቂቅ ተሐዋስያንን የሚያጠፋ ሊሶዛይም የሚባል ነገር መኖሩን አሳወቀ። የውሻም ምራቅ አንዳንድ ተሐዋስያንን የመግደል ጥቂት ኃይል እንዳለው በምርምር ታውቋል። በመላስም ከቍስሉ ላይ ቈሻሻ ይወገዳል። ለዚህ ነው ትንሽ ጭረት በውሻ ላይ ቶሎ ስትሽር የምናየው።

ነገር ግን ይህ ጥቂት ጥቅም ድንበር አለው። በዚያው አፍ ውስጥ ቍስልን የሚመርዙ ሌሎች ብዙ ተሐዋስያን ይኖራሉ፤ ከነዚህ አንዱ በሊቁ በሉዊ ፓስተር ስም ፓስቴሬላ ይባላል። ምላሱም ሸካራ ስለ ሆነ የሚገጥመውን ቍስል መልሶ ይገሸልጠዋል፤ የረጠበው ቆዳም ፈንገስና መግል ይወልዳል። አባቶቻችን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ ይህ ተረት ከዚህ በላይ የሚስማማበት ቦታ የለም። ውሻው በምላሱ በቀደደው ቆዳ ከመጀመሪያው ሕመም የከፋ ሕመም ይገባል። ስለዚህ መላስ ምልክት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ምልክቱን እንደ መድኃኒት ቈጥሮ የሚተኛ ባለቤት፣ ደጁ ሲንኳኳ ድምፁን እየሰማ ተነሥቶ የማይከፍትን ሰው ይመስላል።

ስለ አልዓዛርም፣ የልጁ አያት ታሪኩን ማስታወሳቸው መልካም ነው፤ ትርጓሜው ግን ወዲያ ነው። በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ ጌታችን ስለ ባለጠጋውና ስለ ድኻው አልዓዛር ሲናገር ውሾች መጥተው ቍስሉን ይልሱ እንደ ነበር ይገልጣል። ቃሉ ውሾቹ አዳኑት አይልም፤ አልዓዛር ሞተ፣ መላእክትም ወደ አብርሃም ዕቅፍ ወሰዱት ይላል እንጂ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲያብራራ፣ ድኻው የላሱትን ውሾች እንኳ ለማባረር አቅም እስኪያጣ ድረስ የደከመ እንደ ነበር ያስተምራል። እንስሶቹ ወደ እርሱ ሲቀርቡ ባለጠጋው ግን ዘወር ብሎ አለማየቱን የሚያነሡ መምህራንም አሉ። በሁለቱም መንገድ ብንሄድ የተወቀሰው ቍስለኛውን በደጁ አስተኝቶ ለውሾች የተወው ሰው ነው። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው የሕፃንን ቍስል ለውሻ መስጠትን አይደለም፤ የታመመውን ሰው ራሳችን አጥበን፣ አሥረን፣ ወደ ሐኪም ማድረስን ነው።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራውን ምክንያት እንናገራለን፤ በዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ውሻ በሌላ ውሻ፣ በቀበሮ ወይም በጅብ ተነክሶ ከሆነ፣ የነከሰው እንስሳ የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሊሆን ይችላል። የበሽታው ቫይረስ ከምራቅ ወደ ቍስሉ ይገባና በነርቭ ጅማት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጕዞው ብዙ ጊዜ ሳምንታትን ወይም ወራትን ይፈጃል፤ በዚህ መካከል የነከሳው ቍስል ሽሮ፣ ጠጕር በቅሎበት፣ ነገሩም ተረስቶ ይቈያል። በሽታው ሊነሣ ሲል ግን በተነከሰው ስፍራ ማሳከክና መቈርቈር ይጀምራል፤ በሰውም ላይ የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ስሜት ብዙ ጊዜ በተነከሰው ቦታ የሚሰማ መደንዘዝና መቈጥቈጥ ነው። ውሻው ያን ጊዜ ያንኑ ስፍራ አጥብቆ ይልሳል፣ ይነክሳልም። ባለቤቱ «እሾህ ገብቶበት ይሆናል» ብሎ እግሩን ሊያይ እጁን ይሰድዳል፤ በዚያ ሰዓት ግን ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ደርሷል።

ስለዚህ መላሱ የሚከተሉትን ምልክቶች ካስከተለ ወደ ውሻው አትቅረቡ። ለማዳ የነበረው ሲሸሽና ሲደበቅ ወይም ያለ ምክንያት ሲቈጣ፤ እንጨትና ድንጋይ ሲነክስ፤ የጩኸቱ ድምፅ ሲለወጥ፤ ለሃጩ ሲዝረከረክ፤ ውሃ መዋጥ ሲያቅተው፤ የኋላ እግሩ ሲዝል። ደግሞም የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በቍጣ አይመጣም፤ ዝም የሚያሰኝና የሚያሽመደምድ ዐይነትም አለው። ያን ጊዜ የውሻው መንጋጋ ይወርዳል፣ ሰውም አጥንት በጕሮሮው የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ያገባል። ብዙ ሰው በዚህ ርኅራኄ ምክንያት ለአደጋ ተጋልጧል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚሆን ሰው ይሞታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪቃ ነው፤ ከአሥሩም አራቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ሰውን ከሚይዘው በሽታ ከመቶ እስከ 99 የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። በአገራችንም የሰውን ቤት ብቻ አላጠፋም፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች ተላልፎ በሌላ አገር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ በብዛት ፈጅቷል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ምልክቱ ሳይታይ ግን መከላከል ይቻላል፤ ተስፋውም የተገኘው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 በፓሪስ ከተማ ሉዊ ፓስተር ያዘጋጀው ክትባት ከአልዛስ ለመጣ፣ በእብድ ውሻ ለተነከሰ ዮሴፍ ማይስተር ለሚባል የ9 ዓመት ልጅ ተሰጠው፤ ልጁም በበሽታው ሳይያዝ አደገ።

ስለ ሳንጃው ሕፃን ወዲያው ለመጻፍ ያስቸኰለን ይህ ነው። ብዙ ሰው አደጋው በመነከስ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ውሻ የተላጠ ቆዳን ወይም ቍስልን ቢልስ፣ ምራቁም ወደ ዐይን ወይም ወደ አፍ ቢገባ፣ እንደ ንክሻ ተቈጥሮ በከባዱ ደረጃ ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ይህን አድርጉ። ቍስሉን ሳትዘገዩ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ አዮዲን ካለ ቀቡት። አመድ፣ በርበሬ፣ ቡና ወይም ቅጠል አታድርጉበት፤ አጥብቃችሁም አትጠቅልሉት። ከዚያ ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ስለ ውሻውም የምታውቁትን ሁሉ ለሐኪሙ ተናገሩ። ክትባቱን በሆድ ላይ ለብዙ ቀን የሚወጋ አድርጎ የሚፈራ ሰው አለ፤ በዛሬው ዘመን የሚሠራው ክትባት ግን ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። ከቀጠሮው አንዱንም አታስቀሩ። የላሰው ወይም የነከሰው ውሻ የታወቀና ሊያዝ የሚችል ከሆነ ሳይገደል ለብቻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ፤ 10 ቀን በጤና ከቈየ በዚያች ቀን በምራቁ በሽታ እንዳልነበረ ይታወቃል። ይህ ጥበቃ ግን ለሰው የሚደረገውን ሕክምና ማዘግየት የለበትም።

«ጠበል እየወሰድን መድኃኒት ብንጨምር እምነታችን አይጐድልምን?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ምእመናን ይሰማል። ጠበል የእግዚአብሔር ጸጋ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ተጽፏል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። በእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ነገሩ የሰዓት ጕዳይ ነው። ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል፤ ክትባቱ ግን ዛሬ ይጀመር። ሰባት ቀን ጠበል ተጠምቄ ከዚያ እሄዳለሁ ማለት የልጅን ነፍስ ለፈተና መስጠት ነው፤ ጌታችንም በመቅደስ ጫፍ በተፈተነ ጊዜ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ አስተምሮናል።

ውሻው እንዳልተነከሰና ጠባዩም እንዳልተለወጠ የታወቀ እንደ ሆነ፣ እግሩን ለማከም ቤተ ሰቡ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል።

ምርመራውን ልጆች ሳይሆኑ ውሻው የሚታዘዝለት ትልቅ ሰው ያድርገው። ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና አፉን በለስላሳ ጨርቅ ማሰር ይገባል፤ ነገር ግን በአፉ እያለከለከ ስለሚበርድ በጥላ ሥር ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሁን። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየገለጡ መመልከት ነው። እሾህ ከታየ በንጹሕ ወረንጦ ይነቀል፤ መዥገርም በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳብ እንጂ በጣት አይፍረጥ። የደረቀ ዋልካ በለብታ ውሃ ርሶ ይለቀቅ እንጂ አይጐተት። ቍስሉን አንድ ሊትር ያህል ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በተሟሟ አንድ ትንሽ ማንኪያ ጨው አጥቦ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ማድረቁ ከማጠቡ አያንስም። ይህም በቀን ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። የምርመራው ሰው እጁ ላይ ቍስል ካለበት ይህን ሥራ ለሌላ ይተው።

ሊደረግ የማይገባውንም እንናገር። በእርሻ ላይ የሚረጨውን የተባይ መድኃኒት ለመዥገር ብሎ በውሻ እግር ላይ መቀባት ክፉ ነገር ነው፤ ውሻው የተቀባውን ይልሰዋልና መርዙን በአፉ ሰጠነው ማለት ነው። ላምባ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የባትሪ አሲድም እንዲሁ ናቸው። ለሰው የተሠሩ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች፣ እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉት፣ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉና አትስጡት። በሦስት ቀን ውስጥ ካልተሻለው፣ መግል ከያዘ፣ እግሩን መርገጥ ካልቻለ ወይም እከኩ ወደ ሰውነቱ ከተሠራጨ ወደ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መጠበቅ ነው። ሊቃውንት እንደ መረመሩት፣ በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ውሻ እየተላለፈ መቀጠል ያቅተዋል። እንግዲህ ውሻውን የሚያስከትብ አባ ወራ የሚጠብቀው የራሱን ልጆች ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱን ልጆችና ለአጨዳ ከሩቅ አገር መጥቶ በሜዳ የሚያድረውን ሠራተኛ ጭምር ነው። ዓለም ይህን በሽታ የሚያስብበት ቀን ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነው፤ በእኛ አቈጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18 ቀን፣ የመስቀል ማግስት ይውላል። የደመራው አመድ ሳይበርድ «ውሻችን ዘንድሮ ተከትቧልን?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ብናደርግ የማይረሳ ቀጠሮ ይሆንልናል።

ውሻ ከቅጥረ ቤተ ክርስቲያን የማይገባ፣ በብዙ ቤትም ከደጅ የማያልፍ እንስሳ ነው። ቢሆንም መጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ በተጓዘበት መንገድ ውሻው አብሮት እንደ ሄደ ሳይጽፍ አላለፈም። በደጅ ተኝቶ ሌሊቱን የሚጠብቀን ይህ ፍጥረት እግሩን አንሥቶ ሲልስ የምናይበት ቀን ቢመጣ፣ «ተዉት» ብለን አንለፈው፤ ሕፃናቱን ከአጠገቡ ለይተን፣ ተነክሶ እንደ ነበረ ጠይቀን፣ እግሩን እንመልከት።

የሕፃናቱን ጤና፣ የቤታችሁንም ሰላም እግዚአብሔር ይጠብቅ። አሜን።